ትልቁን ማራገቢያ የመረጥኩ ሰሞን

ሰኞ 4

የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ እንደገና ጠቁሯል። ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቼ በብሩሽ ፈተግኩት። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ቀለሙም አብሮ ለቀቀና ፀጉሬ ላይ ተራገፈ። ባለፈው ወርም እንዲሁ ፈትጌው ነበር። ያ ክፍል መስኮት የለውም። የሠራው ሰው በሕይወቱ ገላውን ታጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ሻጋታ ከላይ ወደ ታች አይፈተግም። ከታች ወደ ላይ ነው» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥቢዎች አለቃ ነበሩ፤ ስለ እርጥበት የማያውቁት ነገር የለም። «እሺ እማማ» አልኩና ከላይ ወደ ታች መፈተጌን ቀጠልኩ።

በዚህ ደብተር ላይ እንኳ «አንቱ» ነው የምላቸው። ማንም አያነበውም፤ ግን «እሷ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ደብተሩን የጀመርኩት ከሰው ጋር ካወራሁ ስለቆየሁ ነው። አሥራ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። አማቴ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ባሌ «ለአንድ ዓመት ብቻ ፈቃድ ብትወስጂስ?» አለኝ። ወሰድኩ። አሁን የማስተምረው ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ያለውን መንገድ ነው። ተማሪዬም አንድ ናቸው፤ እሳቸውም እኔን ያርማሉ።

አንድ ሕግ አለን። እሳቸው ሲታጠቡ በር ዘግተው ነው፤ ራቁታቸውን ማንም እንዲያያቸው አይፈልጉም። የሚያስፈልጋቸው ነገር ሲኖር እኔ የምሠራበት ጠረጴዛ የተጠጋበትን ግድግዳ ያንኳኳሉ። አንዴ ከሆነ ፎጣ። ሁለቴ ከሆነ ጨርሻለሁ፣ ደግፊኝ። ሦስቴ ከሆነ ቶሎ ድረሽ። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው፣ የሻሩትም ራሳቸው። ዛሬ ሦስቴ አንኳኩ። ሮጥኩ። «ዝናቡ አቆመ እንዴ?» አሉኝ ከበሩ ጀርባ።

ረቡዕ 6

ሐኪሙ ለሳላቸው መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ስለ ቤታችን ጠየቀ። እርጥበት አለ? መታጠቢያ ቤቱ አየር ያገኛል? ባሌ አንገቱን ደፋ። ማታ እህቱ ጋ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼን ያህል ጊዜ እንፋሎት የሚያወጣ ማራገቢያ ሳታስገጥሙ! እኔ ቤት እኮ ሁለቱም መታጠቢያ ቤት አለው» አለች።

ሁለቱም። በሁለተኛው መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ እጁን ከሚለቃለቅ እንግዳ በቀር ማንም ገብቶ አያውቅም። እናቷ ለምን እዚያ እንደማይታጠቡ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳትም። «ልክ ነሽ» አልኳት።

ስልኩ ሲዘጋ ባሌ «እንግዲህ አንቺ እቤት ነሽ፤ አንቺው ምረጪው» አለኝ። እቤት ነሽ። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እቤት ነሽ፤ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሲመጣ እቤት ነሽ። እኔ ሌላ ቦታ የነበርኩ ሰው መሆኔን የሚያስታውስ የለም።

አርብ 8

ክፍሉን ለካሁ፦ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ። አማቴ የሜትሩን ጫፍ ይዘው ረዱኝ። «እዚያ ጥግ ላይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሦስት ጣት ቀንሺለት» አሉ። ለካሁት። እውነታቸውን ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ይኼም መጻፍ አለበት።

ቅዳሜ 9

ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ማራገቢያ አወጣልኝ። አንዱ ትንሽ፣ የሻይ ሳህን የሚያህል። ሶኬት ላይ ሰካውና «ስሚው» አለኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። ሌላው ሰፊ ቱቦ ያለው ትልቅ ነው። ሲሰካው መደርደሪያው ላይ ያለው ወረቀት ተነሣ። ሱቁ ውስጥ ሲያወሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፃቸው ጠፋ።

የጻፍኩትን ልክ አሳየሁት። «ለዚህማ ትንሹ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል» አለ። «ትልቁ ለምግብ ቤት ማዕድ ቤት ነው የሚወሰደው። ይጮህብሻል።»

«ሻጋታው በጣም ብዙ ነው» አልኩት።

«ሻጋታ በጩኸት አይጠፋም እህቴ» አለና ሳቀ።

ትልቁን ወሰድኩ። ምክንያቱን እዚህ ልጻፍ፦ አንደኛ፣ ሻጋታው ሥር ሰዷል። ሁለተኛ፣ የአማቴ ሳል። ሦስተኛ፣ ትልቅ ነገር ዕድሜ አለው። ታክሲ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እነዚህን ሦስቱን ለባሌ እንዴት እንደምነግረው ስለማመድ ነበር። እሱ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

ረቡዕ 13

የሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን ዛሬ መጣ። ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ሰው። መሰላሉን ከመዘርጋቱ በፊት የጫማውን ጭቃ በር ላይ ስለጠረገ አማቴ ወደዱት። ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ ግን ቅንድቡን አነሣ።

«ይኼን ማን መረጠው?»

«እኔ» አልኩ።

የውጪውን ግድግዳ በሳው፤ አቧራው እስከ መኝታ ቤት ገባ። ቱቦውን አስገባና ጠርዙን በሲሊኮን ደፈነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ከበሩ ውጪ አደረገው፣ እርጥብ እጅ እንዳይነካው። ቀጥሎ የበሩን ታች በመጋዝ ሁለት ጣት ያህል ቆረጠ። አየር ከሥር ካልገባ ማራገቢያው የሚስበው ነገር የለውም አለ። አማቴ «ሰው እግሬን ሊያይ ነው» ብለው አጉረመረሙ።

ከውጪ በኩል የሚገጠም ክዳን አለው፤ ማራገቢያው ሲጠፋ የሚዘጋ ቀላል ፕላስቲክ፣ ነፋስና ወፍ እንዳይገባ። «ነፋስ ሲበረታ ትንሽ ሊንኳኳ ይችላል» አለኝ።

ሁሉን ጨርሶ ሲያበራው ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር። አማቴ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ኤሌክትሪሺያኑ አጠፋውና ወደኔ ዞረ።

«እናታችን ብቻቸውን ነው የሚታጠቡት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው በዚሁ ሽቦ አንድ የጥሪ ደወል ላስገባላችሁ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይኼ ነገር እየጮኸ ሰው ቢጣራ አይሰማም።»

«አያስፈልግም፤ ይኼ ቤት ሆስፒታል አይደለም» አልኩት።

አማቴ አዩኝ። ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው።

ሐሙስ 14

ተአምር ነው። መስታወቱ ላይ ጉም የለም። ጣሪያው ደረቅ ነው። ሳላቸው አይሰማም፣ ማጉረምረማቸው አይሰማም፣ ለሳሙናው የሚያደርጉት ወቀሳ አይሰማም። ግድግዳውን ሲያንኳኩ ብቻ ቀጭን ሆኖ በጠረጴዛዬ በኩል ይደርሰኛል። አርባ ደቂቃ ሙሉ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ከስድስት ወር በኋላ።

ባሌ «ምነው እንዲህ ይጮኻል?» አለ።

«ለምጄዋለሁ» አልኩት፤ በአንድ ቀን።

እሑድ 17

ነፋስ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ግድግዳው ተንኳኳ። ቋ። ቋ ቋ። ባሌ ብድግ ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው! አማቴ እስኪያነቡ ሳቁ። ያ ክዳን ነው። ተነሥቼ ማራገቢያውን አበራሁት፤ ክዳኑ ወዲያው ዝም አለ። እስከ ማታ ሲሠራ ዋለ። ከክዳኑ ኳኳታ የማራገቢያው ጩኸት ይሻላል።

ማክሰኞ 19

ርዕሰ መምህሯ መልእክት ላከችልኝ። የጂኦግራፊ ክፍል ኃላፊው ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው። ፈቃዴን አቋርጬ ብመለስ ቦታው ላይ ልታስበኝ ትችላለች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትደውላለች። መልእክቱን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ለባሌ አልነገርኩትም። መጀመሪያ ይሁን። ሆድ ይፍጀው።

አማቴ ክፍላቸው ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «አይ፣ ቅር አላለኝም… አይ፣ ልምጣ አላልኩም፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩት… እሺ። ገባኝ፣ ገባኝ።» በበሩ ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ እኔ እያወሩ ነው። ስለ ማራገቢያው ይሆናል። ያቺም ነገ ደውላ ልትመክረኝ ነው።

አርብ 22

ቸኩያለሁ። የድሮ የትምህርት ዕቅዶቼን ፈለግኩ፣ ግማሹ ጠፍቷል። አማቴ ዛሬ አምስት ጊዜ አንኳኩ። ሦስቴ፣ ሦስቴ፣ ሦስቴ። ሳሙና ወደቀ። ፎጣው ሌላ ሽታ አለው። በሩ ሥር ብርድ ይገባል። ማነው ያለው? እኔ ነኝ ያለሁት። እቤት ነኝ።

ባሌን «እናትህ ሦስቴ ማንኳኳትን መጫወቻ አደረጉት» አልኩት። «አርጅታለች፤ ታገሺያት» አለኝ ጫማውን እያሰረ።

እሑድ 24

ሰኞ የምለውን ጻፍኩ። ለመጠየቅ የምፈልገውንም። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ። አንድ ጠዋት ብቻ ለራሴ ቢሰጠኝ።

ሰኞ 25

ወደቁ።

ግራ ትከሻቸው። ውኃው እየፈሰሰ ነበር፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ባሌ ከሥራው በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ግራና ቀኙ የተለያየ ጫማ አድርጌ መሄዴን የነገረችኝ ነርሷ ናት።

አልሰማሁም። ማራገቢያው ይጮኻል። አልሰማሁም።

ማክሰኞ 26

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልሆነ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል።

ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ገቡ። ማራገቢያውን አበራሁላቸው። ፎጣውን በር ላይ ሰቀልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ርዕሰ መምህሯ ሰላምታ አታበዛም። ስለ አዲሱ መጽሐፍ፣ ስለ ተማሪው ብዛት፣ ስለ ኃላፊነቱ ነገረችኝ። እኔም ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ «ቤትሽስ? ይፈቅድልሻል?» አለችኝ። «ምንም የሚይዘኝ ነገር የለም» አልኳት። ማዕድ ቤት ውስጥ መስመሩ የተሻለ ስለሚሰማ ወደዚያ ተሻገርኩ፤ በሩንም ዘጋሁት። ወሬያችንን ስንጨርስ ሄጄ መታጠቢያ ቤቱን አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ከፈትኩት። ወለሉ ላይ ነበሩ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ባሌ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን «ጠረጴዛሽ እኮ ከግድግዳው ጋር ነው፤ እንዴት አልሰማሽም?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግራ ገብቶት ነው።

«የሆነ ነገር ሰምቻለሁ። ክዳኑ መሰለኝ» አልኩት።

ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ሲለሰልስ አየሁት። ክዳኑን ያውቀዋል። እሱም ራሱ ያን እሑድ ተታሎ ሮጧል። አቀፈኝና «ያ የተረገመ ክዳን!» አለ። እኔም ትከሻው ላይ አለቀስኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አለቀስኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ለቅሶው እውነተኛ ነው።

የትከሻቸው አጥንት ተሰንጥቋል። ዳሌያቸው በልዟል። ሐኪሙ «ሲወድቁ ሰው ጠርተው ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። አማቴ ወደ ጣሪያው እያዩ «አልጠራሁም፤ ማንንም አልጠራሁም» አሉት።

ይኸው። ራሳቸው ናቸው ያሉት።

ሐሙስ 28

ሆስፒታል። ተኝተው ነበር። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውጪ ነው። የጣቶቻቸው አንጓዎች ጠቁረዋል፤ አራቱም፣ ቆዳቸው ተልጧል። ሲወድቁ የመታቸው ይሆናል። ግን የወደቁት በግራ ነው።

የባሌ እህት ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት። እንዳይበርዳቸው።

እሷ ከንፈሯን እየመጠጠች «እኔ ቤት ቢሆን ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔም ባሌም ቀሪውን ጠበቅን። ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ መላጥ ጀመረች።

ቅዳሜ 30

ከርዕሰ መምህሯ አጭር መልእክት፦ «ለቦታው ሌላ መምህር መርጠናል። ስላሳየሽው ፍላጎት እናመሰግናለን።»

ስልኩን ይዤ ሳለ የጥሪ ዝርዝሩን ወደ ላይ ገፋሁት። የሰኞው ጥሪ እዚያው አለ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ይላል።

አምስት ብዬ ነበር የጻፍኩት። አልሰርዘውም፤ እዚያው ይቀመጥ።

ሰኞ 2

አማቴ ወደ ቤት ተመለሱ። ግራ ክንዳቸው ደረታቸው ላይ ታስሯል። ለሁለት ወር ብቻቸውን አይታጠቡም። ይኼን ስነግራቸው ምርር ብለው የሚያጉረመርሙ መስሎኝ ነበር። «እንደተመቻችሁ» አሉ። ምሳቸውን አቀረብኩላቸው፤ ጨው አንሶታል አላሉም። አልጋቸውን አነጠፍኩ፤ የአንሶላውን ጥግ አላረሙኝም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ።

ባሌ ኤሌክትሪሺያኑን ጠራው። ትልቁ ይነቀል፣ ትንሹ ይግባ፣ ክዳኑ ይጣል አለ። «ነገር ሁሉ የመጣው በዚያ ክዳን ነው» ይላል ለሚደውል ሁሉ። አራት ሰው ጋ ሲለው ሰምቻለሁ። በተናገረው ቁጥር እኔ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ አገኛለሁ።

ሐሙስ 5

ኤሌክትሪሺያኑ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ባሌ ለዚሁ ሲል ሥራ አልገባም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም እቤት ነው።

«ወንድሜ፣ ይኼ የገጠምከው ክዳን ሰው ሊገድልብን ነበር» አለው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማስረዳቱ ነው። «እናቴ ግድግዳ ስትደበድብ ሚስቴ የክዳኑ ኳኳታ መስሏት ዝም አለች።»

ሰውየው መሰላሉን እንደያዘ ቆመ። «መቼ?»

«ስትታጠብ ነዋ።»

«ማራገቢያው እየሠራ?»

«አዎ፣ እየሠራ።»

«እየሠራማ ክዳኑ አይንኳኳም» አለ። መሣሪያው ስለተሰደበበት ቅር ያለው ይመስል ነበር። «የሚወጣው አየር ወደ ላይ ገልብጦ ይይዘዋል። የሚንኳኳው ሲጠፋ ነው። ና ውጪ ላሳይህ።»

ይዞት ወጣ። እኔን «አብሪልን» አለኝ ከደጅ። ጣቴን ማብሪያው ላይ አደረግኩ። አበራሁት። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። በኮሪደሩ መስኮት አየኋቸው። ባሌ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ክዳኑን ያያል። ሰውየው በጣቱ ያመለክታል። «አጥፊው።» አጠፋሁት። «አብሪው።» አበራሁት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። ለባሌ አንዴ ይበቃው ነበር። ሦስተኛውን ጊዜ ክዳኑን አልነበረም የሚያየው፤ በመስኮቱ በኩል እኔን ነበር።

ሲገባ አጠገቤ አልቆመም። በቀጥታ እናቱ ክፍል ገባ። ተከትዬው በሩ ላይ ቀረሁ።

«እማዬ፣ የዚያን ቀን አንኳኩተሽ ነበር?»

አማቴ ቀኝ እጃቸውን ትራሱ ሥር አስገቡት። ቀስ ብለው ነው ያስገቡት፤ ግን እሱም አየ፣ እኔም አየሁ።

«አላንኳኳሁም» አሉ።

«እማዬ።»

«አላንኳኳሁም አልኩህ። አንዴም አላንኳኳሁም።»

እራት ላይ ባሌ ጨው ሲፈልግ እኔን ሳይጠይቅ ተነሥቶ ራሱ አመጣ።

አርብ 6

ዛሬ ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ።

ሰምቼአለሁ። ሦስቴ አንኳኩ። «ቤትሽስ? ይፈቅድልሻል?» ብላ ርዕሰ መምህሯ ስትጠይቀኝ ነበር። «ምንም የሚይዘኝ ነገር የለም» ያልኩት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ካለቁ በኋላ ነው። ከዚያ እንደገና ሦስቴ። ያኔ ነው ወደ ማዕድ ቤት የሄድኩት። ስለ መስመሩ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ማዕድ ቤት ውስጥ እንዲያውም ይቆራረጣል። ሳሙና ነው፣ ፎጣ ነው፣ ዝናብ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ክዳኑን አላሰብኩትም። ክዳኑን ያገኘሁት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ትልቁንም የመረጥኩት ለሻጋታው አይደለም። ሱቁ ውስጥ የእነዚያ ሴቶች ድምፅ ሲጠፋ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ባሌ ሥራ ሲሄድ ክፍላቸው ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው ያደርኩት አንድ ነገር ነበር። እኚህ ሰው በልጃቸው ፊት ዋሹልኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሳማቸው ኖሬ፣ እሳቸው ግን ገመናዬን ሸፈኑልኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር የገባሁት።

«እማማ፣ ለምን አላንኳኳሁም አሉ?» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ዞሩ። «አንኳኩቻለሁ ብልስ?» አሉ። «ልጄ ካንቺ ጋር ይጣላል። አንቺ ትሄጃለሽ። እሱ ጠዋት ሥራ ይገባል። ከዚያ ከኔ ጋር ማን አለ?»

«ልጅዎ… እህቱ…»

«እሷ ጋ ልኑር ብዬ ጠይቄያታለሁ። አንቺ በሩ ላይ ስታልፊ የሰማሽኝ ጊዜም እሱኑ ስጠይቃት ነበር። ከዚያ በፊትም ጠይቄያታለሁ። ቦታ የለኝም አለችኝ። ባለ ሁለት መታጠቢያ ቤቷ ልጄ!» ሊስቁ ሞከሩና ትከሻቸውን አመማቸው።

«ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው። ሳልፈልገው ነው ከአፌ የወጣው።

ያን ጊዜ ነው ወደኔ የዞሩት። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ግን ፍርሃት ነው። ከተናገሩት ውስጥ አንዱ ቃል እንዳያስከፋኝ ፈርተው ያዩኛል። ሠላሳ ዓመት ስንቱን ሠራተኛ ሲያንቀጠቅጡ የኖሩ ሴት።

«ይቅርታውን ተይው» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ነገ የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ 7

አጠብኳቸው።

ትልቁ ማራገቢያ ተነቅሏል፤ ትንሹ ለሰኞ ነው የተባለው። ቀዳዳው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባሌ ከሳሎን ወንበር አምጥቶ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጋዜጣ ይዟል፤ ገጽ ሲገልጥ አልሰማሁም። በተቆረጠው የበር ሥር ጫማው ይታየኛል። አማቴ እሱ መኖሩን ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ።

በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው። ማንም እንዳያየው የሚሳሱለትን ገላ አየሁት። ዳሌያቸው ላይ ያለው በለዝ ቢጫ ሆኗል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁሉን ነገር ለቀቁልኝ፦ ክንድ አንሡ ስላቸው ያነሣሉ፣ ጎንበስ ይበሉ ስላቸው ይጎነበሳሉ። ሳሙናውን አልወቀሱም። ፀጉራቸውን ሳጥብ አረፋ ዓይናቸው ገባ፤ ዝም አሉ።

ጀርባቸው ላይ ሦስተኛውን ጆግ ካፈሰስኩ በኋላ ነው በእጄ የተሰማኝ። ማሞቂያውን ማብራት ረስቼዋለሁ። ውኃው በረዶ ነበር።

«ውይ እማማ! ቀዝቅዞብዎታል እኮ! ምነው ዝም አሉ?» አልኩ። ከበሩ ውጪ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ኧረ ደህና ነው፤ ጥሩ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» አሉ አማቴ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።